ፖካራ፦ ወሩንም ሰዓቱንም ይምረጡ

የዛሬዎቹ ደዋዮች የጠየቁት ስለ ኔፓሏ ፖካራ ነው። ፌዋ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች፣ የሂማላያ ተራሮች ከላይ የሚያዩዋት ከተማ ናት።

ጥያቄ፦ ዕረፍቴ ሐምሌ ላይ ነው። ብሄድ ምን ይመስላል?

መልስ፦ እኔ ብሆን አልሄድም። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያም ክረምት ነው፤ ፖካራና አካባቢዋ ደግሞ ከኔፓል ዝናብ የሚበዛበት ቦታ ነው። ሳምንት ተቀምጠው ተራራውን አንዴ እንኳ ሳያዩ ሊመለሱ ይችላሉ። ዕረፍቱን ወደ ጥቅምት ወይም ኅዳር ያዙሩት፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሰማዩ ጥርት ይላል። ከመጋቢት በኋላ ጭስና አቧራ ይጋርደዋል።

ወሩ ተስተካክሎም ሰዓቱ ያታልላል። ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣና ደመና ይሆናል። አርፍዶ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ደመናውን ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሱ። አንድ ቀን ሳራንግኮት ኮረብታ ላይ ይውጡ፤ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ መኪና ይደርሳል። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ይውረዱ። ነፋስ ሳይነሳ ከደረሱ ማቻፑቻሬ ተራራ ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። አንዱ ጠዋት ቢደምን ሌላ እንዲኖርዎት ሦስት ሌሊት ይደሩ።

ጥያቄ፦ ኤቨረስት ከሆቴሉ ይታያል?

መልስ፦ አይታይም፤ ኤቨረስት በስተምሥራቅ ሩቅ ነው። የሚታየው የአናፑርና ሰንሰለት ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ 8,091 ሜትር ነው። ዓይን የሚይዘው ግን 6,993 ሜትሩ ማቻፑቻሬ ነው፤ ለከተማው ስለሚቀርብ ከሁሉም የረዘመ ይመስላል። የተቀደሰ ተራራ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያን ወጥተውት ጫፉን አንረግጥም ብለው ቃል ስለገቡ 50 ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ተመለሱ። አሁን መውጣት ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ከፍታው ልጆቼን ያምብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይስጉ እህቴ። ከተማው 800 ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ከተነሱ እንዲያውም ወደ ቆላ እየወረዱ ነው።

ጥያቄ፦ ከካትማንዱ በመኪና ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን? ቪዛስ?

መልስ፦ መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ጠመዝማዛ ስለሆነ ቀኑን ይበላል። አውሮፕላኑ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲሄዱ በቀኝ በኩል ይቀመጡ፤ ተራሮቹ በዚያ በኩል ናቸው።

ቪዛውን አደራ። የብዙ አገር ሰው ካትማንዱ ኤርፖርት ደርሶ ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ይህን ሳይጨርሱ ትኬት እንዳይቆርጡ። ሲመለሱም በዋዜማው ካትማንዱ ይደሩ። ጭጋግ የፖካራውን በረራ ቢያዘገየው ትልቁ አውሮፕላን አይጠብቅዎትም።