ጫጩት የበዛበት ኩሬ

ክቡራትና ክቡራን፣ በጓሯችሁ ኩሬ ቆፍራችሁ ዓሣ የምታረቡ ወዳጆቼ፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። ብዙዎቻችሁ ዛሬ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ እንደ መጣችሁ አውቃለሁ። ኩሬው በዓሣ ተሞልቷል፤ መኖ በተበተነ ቁጥር ውኃው ይተራመሳል፤ መረብ ሲጣል ግን የሚወጣው ሁሉ ጣት የሚያክል ነው። ዘሩ መጥፎ ሆኖ ነው? መኖው አንሶት ነው? እያላችሁ ትጨነቃላችሁ።

የእኔ መልስ አጭር ነው። ዓሣው አላድግ ያለው ስለ በዛ ነው፤ የበዛውም ወንዱና ሴቷ ያለ ገደብ አንድ ላይ ስለ ኖሩ ነው። ስለ መኖ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ርቢ መነጋገር አለብን።

ብዙ ሰው የሚያረባውን ቆሮሶን፣ ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ፣ እንውሰድ። ወንዱ የኩሬውን ወለል በአፉ እየማሰ ሰፌድ የመሰለ ክብ ጎድጓዳ ቦታ ያበጃል። ሴቷ ዕንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። ዕንቁላሉ የሚፈለፈለው እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ምግብ አትበላም፤ ከመንጋጋዋ ሥር አብጣ፣ ከሌሎቹ ተለይታ ዳር ዳሩን ትውላለች። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ያየ ሰው ለዚህች ዓሣ አክብሮት ሳያድርበት አይቀርም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ የተሰጣት ጠላት በሞላበት ሐይቅ ዘሯን እንድታተርፍ ነው። አዳኝ በሌለበት ኩሬ ውስጥ ከተፈለፈለው እጅግ ብዙው ይተርፋል።

ውኃው ሞቃት እስከ ሆነ ድረስ ሴቷ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ደግማ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። ልጆቿም በ5 ወይም በ6 ወራቸው፣ ገና ለገበታ ሳይበቁ፣ ራሳቸው መራባት ይጀምራሉ። እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ መኖ ይሻማሉ፤ የበሉትም ለሥጋ መሆኑ ቀርቶ ለዕንቁላል ይውላል። ቀጭጮ የቀረ አሮጌ ዓሣ ከጫጩት ጋር የሚመሳሰለውም ለዚህ ነው። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ዓሣ ጫጩት ነው ብላችሁ ለጎረቤት ዘር አትስጡ፤ ችግሩን ከነሥሩ ነው የምትሰጡት።

መጨናነቁ ከእድገትም ያለፈ ጣጣ አለው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን ዕፅዋት ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ከዓሣው ጋር ይሻሙታል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ኦክስጅኑ ከሌላው ሰዓት ሁሉ ያነሰ ነው። ዓሦቹ ማለዳ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ካያችሁ፣ አየር አጥሯቸው እንጂ ርቧቸው አይደለም። በዚያ ሰዓት መኖ መበተን ጉዳቱን ያብሳል። አዲስ ውኃ አስገቡ፣ መኖውን አቁሙ፣ ከዚያም ቁጥሩን ቀንሱ።

መፍትሔው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ወንዶቹን ብቻ ማሳደግን ነው፤ ወንድ ቆሮሶ ከሴቷ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ዓሣው 30 ግራም ገደማ ሲሞላ በእጅ መለየት ይቻላል። እጃችሁን አርጥባችሁ ሆዱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። ከፊንጢጣው ቀጥሎ፣ ወደ ጭራው በኩል፣ ትንሽ ጉብታ ታያላችሁ። በወንዱ ጉብታ ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እርሱም ጫፉ ላይ ነው። በሴቷ ላይ ግን ከሽንት መውጫው ሌላ አግድም የተሰነጠቀ የዕንቁላል መውጫ አለ። ዓይናችሁ ካልለየው ጉብታውን ቀለም በነካ ጥጥ ዳበስ አድርጉት፤ ስንጥቁ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።

የለመደ እጅም ቢሆን ጥቂት ሴቶች ያመልጡታል። ለእነርሱ ልጆች ደግሞ ሌላ ዓሣ የሚበላው አምባዛ አለላችሁ። ጥቂት አምባዛ አስገቡ፤ ነገር ግን ጫጩት የሚውጥ፣ ትልልቆቹን ግን መዋጥ የማይችል መጠን ያለው ይሁን። ይህን ሳያስተውሉ ትልቅ አምባዛ የሚያስገቡ ሰዎች ኩሬውን ለእርሱ ብቻ ያስረክቡታል። ጫጩትን በሆርሞን ወንድ የማድረግ ዘዴም አለ፤ እርሱ ግን ለሠለጠኑ የማባዣ ጣቢያዎች የሚገባ ሥራ ነው፤ በጓሮ እንዲሞከር አልመክርም።

ለጌጥ ወርቃማ ዓሣ ለምታረቡ ነገሩ ይቀላል። ዕንቁላላቸው በውኃ ዕፅዋት ላይ ይጣበቃል፤ ወላጆቹም ያገኙትን ይበሉታል። ለማዳን አትቸኩሉ። ዕፅዋቱን አሳሱ፣ መኖም አታብዙ፤ ቀሪውን ራሳቸው ይጨርሱታል።

ኩሬው ቀድሞውኑ ከሞላ በመረብ ብቻ አትገላገሉም። ውኃውን አፍስሱ፤ ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ አድርቁት። በትንሽ ጭቃማ ውኃ ውስጥ የቀሩ ጫጩቶች አዲሱን ዘር ቀድመው ይጠብቁታልና፣ የማይደርቀው ቦታ ላይ ኖራ ጨምሩበት። እንደገና ስትሞሉ መኖ በብዛት ለማታቀርቡለት፣ አየር መስጫ መሣሪያም ለሌለው ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር 1 ወይም 2 ዓሣ ይበቃል። ውኃ የሚገባበትንም ቦታ በጥቅጥቅ ወንፊት ሸፍኑት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የተረፋችሁን ዓሣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። በአውስትራሊያ መሪ እና ዳርሊንግ በሚባሉት ወንዞች ውስጥ የገባው ካርፕ የተባለ ዓሣ ወለሉን እየማሰ ውኃውን አደፍርሶታል፤ በብዙ ሥፍራም በክብደት ከአገሬው ዓሣ በልጧል። አንዴ ከገባ የሚያስወጣው የለም። የተረፈውን ብሉት፣ ቀቅላችሁ ለዶሮ ስጡት፣ ወይም ለብስባሽ ማዳበሪያ አውሉት። ብዙ ሰው ዓሣውን የሚለቀው አዝኖለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን እዚያ ቀድሞ በሚኖረው ዓሣ ላይ ነው።

እዚህ ፊት ለፊታችን ባለው ገንዳ ውስጥ ለመለየት የደረሱ ቆሮሶዎች አሉ። ጥጡና ቀለሙም ተዘጋጅቷል። እጃችሁን እያረጠባችሁ በየተራ ቅረቡ፤ ወንዱን ከሴቷ መለየቱን አብረን እንለማመድ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።