ትያትር አትሥሪብኝ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ሻዬን ይዣለሁ። ጉንፋን ስለያዘኝ ድምፄ ጎርነን ብሏል፤ ታገሡኝ። ለዛሬዋ ሴትዮ ግን እንዲህ ያለው ድምፅ ሳይሻል አይቀርም። የሷም በሲጋራ የጎረነነ ነበር።

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ሆዴን ይዤ ስንቆራጠጥ እናቴ፣ «ባክሽ ትያትር አትሥሪብኝ!» ትለኝ ነበር። እናንተም ቤት ይባል ነበር አይደል? እኛ ቤት ትያትር ማለት ውሸት ማለት ነበር። አሁንም ቢሆን ሰው ሲያስመስል ካየን «ድራማ ነው» ብለን እናልፋለን። ይህን አባባል እንድጠራጠረው ያደረገችኝ ግሪካዊቷ ተዋናይት ሜሊና መርኩሪ ናት።

ሜሊና አቴንስ ውስጥ በ1920 ተወለደች። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። አያቷ የአቴንስ ከንቲባ ነበሩ፤ አባቷም የፓርላማ ሰው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ልጅ ተዋናይ ልሁን ስትል፣ እኛ አገር ቢሆን «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ትባል ነበር። እሷ ብሔራዊ ትያትር ቤቱ የትወና ትምህርት ቤት ገብታ በ1944 ጨረሰች። በ1949 በካሮሎስ ኩን አዘጋጅነት በአሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ቴነሲ ዊልያምስ ትያትር ውስጥ ዋናዋን ሴት፣ ብላንሽን፣ ተጫወተች። በ1955 ደግሞ «ስቴላ» በተባለው የመጀመሪያ ፊልሟ ወንድ የምትወድ፣ ጋብቻ ግን የማትፈልግ ዘፋኝ ሆና መጣች። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዳይሬክተሩን ዡል ዳሲንን አገኘችው። እሱ አሜሪካዊ ነው፤ በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ ከሆሊዉድ የተገፋ ሰው። ኋላ ባሏ ሆነ።

እኔን የያዘኝ ግን የ1960ው ፊልማቸው ነው፣ «እሑድ አይሆንም»። የፒሬየስ ወደብ ሴተኛ አዳሪ ናት፤ ስሟ ኢሊያ። ኢሊያ ጥንታዊ ትራጀዲ፣ ያን ሐዘን የሞላበትን የጥንት ግሪኮች ትያትር፣ ማየት ነፍሷ ነው። ታሪኩን ስታወራው ግን ሞት የለም። ሜዲያ፣ ያቺ በባሏ ቂም ልጆቿን የምታርደው ሴት፣ በኢሊያ አፍ የገደለችው ሰው የለም። በመጨረሻ ሁሉም ተያይዘው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይሄዳሉ። (ባሕር ዳር አላልኩም፤ ብል ግን አይከፋም ነበር።) አንድ የተማረ አሜሪካዊ ይመጣና ሊያርማት ይፈልጋል። የሚገርመው፣ ስናየው የምናዝነው ለሱ ነው። ሜሊና ካን ላይ ከፈረንሳዊቷ ተዋናይት ከዣን ሞሮ ጋር እኩል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ማኖስ ሃድጂዳኪስ ለፊልሙ የደረሰው ዘፈን ደግሞ ኦስካር አገኘ።

ከዚያ 1967 መጣ። ብሮድዌይ ላይ የዚያኑ ፊልም ሙዚቃዊ ትያትር እየሠራች ሳለ፣ በሚያዝያ 21 ቀን አገሯ ውስጥ ኮሎኔሎች መንግሥት ገለበጡ። ልታሞካሻቸው ቀርቶ ዝም አላለቻቸውም። ዜግነቷን ነጠቋት፤ ንብረቷንም ወረሱት። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ፓታኮስ ይባላል። መልሷን ስሙ፦ «እኔ ግሪካዊት ሆኜ ተወለድኩ፤ ግሪካዊት ሆኜ እሞታለሁ። ፓታኮስ ፋሺስት ሆኖ ተወለደ፤ ፋሺስት ሆኖ ይሞታል።»

እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት። ይህ የመድረክ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ ሁሉ ያስታውቃል።

ሰባት ዓመት በስደት አውሮፓንና አሜሪካን እየዞረች ጮኸች። አገዛዙ በ1974 ሲወድቅ ገባች። በ1977 ፓርላማ የገባችው በየት በኩል መሰላችሁ? በፒሬየስ! ያ የኢሊያ ወደብ መረጣት። በ1981 የባህል ሚኒስትር ሆነች፤ ለዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት። የአውሮፓ የባህል ከተማ የሚባለው ነገር የሷ ሐሳብ ነው፤ በ1985 በአቴንስ ተጀመረ።

ትልቁ ሙግቷ ግን ስለ ፓርተኖን ቅርጾች ነበር። ፓርተኖን አቴንስ ውስጥ አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ነው። ሎርድ ኤልጊን፣ በኦቶማን ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው፣ ከአክሮፖሊስ አስነቅሎ ወሰዳቸው፤ ብሪቲሽ ሙዚየም በ1816 ተረከባቸው። እንግሊዞቹ «የኤልጊን ዕብነ በረድ» ይሏቸው ነበር። በ1986 ኦክስፎርድ ላይ ቆማ፣ የማይክል አንጄሎ ዳዊት የሚባል ሐውልት አለ፣ የኤልጊን ዕብነ በረድ የሚባል ነገር ግን የለም፣ አለች። ያው «ትወና ነው» ያላት አልጠፋም። አዎ፣ ትወና ነው! እኔ የምለው፣ ወረቀቱን ቀና ሳይል አንብቦ የሚወርድ ሚኒስትር ከዚህ በምን ይበልጣል? ሜሊና የማታምንበትን አልተወነችም። የምታምንበትን፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው እንዲሰማው አድርጋ አለችው እንጂ።

ቅርጾቹ ሲመለሱ ሳታይ በመጋቢት 1994 ኒውዮርክ ላይ በሳንባ ካንሰር ሞተች። ዛሬም ለንደን ናቸው።

እኔም ለንደን ነው ያለሁት። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ቅርጾቹ ያሉበትን የሙዚየሙን አዳራሽ አሳየኋት። አንዱን የፈረስ ራስ ፊቱ ቆማ ብዙ አየችው፤ «ደክሞታል» አለች። የሜሊናን ታሪክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «የኛስ?» አለችኝ።

ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ታቦታት በዚሁ ሙዚየም እጅ እንዳሉ፣ ለጎብኚ እንደማይታዩ ነገርኳት። እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። እዚያው፣ ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ በሚያነሳበት መሐል፣ ዝቅ ብላ ወለሉን ተሳለመች። ሰው ዞሮ አየን። እኔ አፈርኩ። አፌ ላይ የመጣው «እማዬ፣ ባክሽ ትያትር አት…» ነበር።

ዋጥኩት። ቦርሳዋን ያዝኩላትና ጎንበስ አልኩ።