የትኛው ነው የእኛ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣች አንዲት ጥያቄ ይዤ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጫለሁ። ጥያቄዋ የእኔ አይደለችም፤ የእህቴ ልጅ ናት የጠየቀችኝ። መኪና መንዳት እየተማረች ነው፤ ባለፈው እሑድ ስትለማመድ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። ባለ አካፋይ መንገድ ላይ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን ረድፍ ያዘችና መስቀለኛው አፍ ላይ ቆመች። ከፊታችን ሦስት መብራቶች ተሰቅለዋል፤ ሁለቱ ክብ አረንጓዴ፣ በስተግራ ጫፍ ያለው ደግሞ ቀይ ቀስት። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ከመብራቶቹ ሳትነቅል፣ «አጎቴ፣ የትኛው ነው የእኛ?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን እንዴት እንዳወቅሁት ትዝ አለኝና ቶሎ መናገር አቃተኝ።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ምሽት ነበር፤ ዝናብ ያካፋል። ከጎን መንገድ መጥቼ ሰፊ አካፋይ ያለው ትልቅ መንገድ ላይ ደረስኩ፤ የምሄደው ወደ ግራ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ሁለት ጊዜ ይሻገራል። መጀመሪያ ከግራ በኩል የሚመጣውን የመንገዱን ግማሽ ያቋርጣል፤ ከዚያ በአካፋዩ ክፍተት ያልፍና ወደ ሁለተኛው ግማሽ ይገባል። አረንጓዴ በርቶልኝ የመጀመሪያውን ግማሽ አቋረጥኩ። ከፊት ለፊት ከሚገኘው የጎን መንገድ ቀጥ ብለው የሚመጡትን ለማሳለፍ አካፋዩ መካከል ቆምኩ። እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁት ነገር አልነበረም።

መብራቱ ተለወጠ። ከፊቴ፣ የሁለተኛው ግማሽ መግቢያ ላይ፣ ሌላ ነጭ መስመርና ሌላ መብራት አለ፤ እሱም ቀይ ሆነ። ከኋላዬ ያለው አሽከርካሪ ክላክስ ያዘ፤ አልለቅ አለ። በጆሮዬ የሚሰማኝ «መሃል መንገድ ገብተሃል እኮ፣ ጨርስና ውጣ!» የሚል ነበር። የተማርኩትም እንደዚያ ነው፦ መስቀለኛ መንገድ ውስጥ ከገባህ በኋላ ቀይ ቢበራብህ ጨርሰህ ትወጣለህ። ስለዚህ እግሬን ከፍሬን ላይ አነሳሁ።

ሞተረኛው ከቀኝ መጣ። አረንጓዴ የበራው ለእሱ ነው፤ ምንም ጥፋት የለበትም። ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው እርጥብ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ጎኑን ሰጥቶ በር አጠገቤ ቆመ። በጣም ቅርብ ስለነበር የራስ ቁሩ መስታወት ላይ ያሉትን የዝናብ ጠብታዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። መስታወቱን ወደ ላይ ገለጠው። አልሰደበኝም፣ አልጮኸም። አየኝ፤ ከዚያ እጁን ከመሪው አንሥቶ ከፊት ለፊቴ ወደተሰቀለው መብራት ጠቆመኝና ሄደ። እኔም መንገዱን ዳር ይዤ ቆምኩ። እግሬ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት። ያስደነገጠኝ ደግሞ የተማርኩት ደንብ ስሕተት አለመሆኑ ነው፤ ደንቡ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ መብራት ባለበት መስቀለኛ ውስጥ የገባ አሽከርካሪ የሚሄድበት አቅጣጫ እስኪከፈት ሳይጠብቅ መስቀለኛውን ለቅቆ መውጣት እንደሚችል ይናገራል፤ መንገዱ የተከፈተላቸውን ሌሎች እስካላሰናከለ ድረስ። የረሳሁት ቅድመ ሁኔታ አንዱ ይህ ነው፤ ሞተረኛው መንገዱ ተከፍቶለት ነበርና። ሁለተኛው ስሕተቴ ግን ከዚህም ይብሳል። እኔ «ውስጥ ገብቻለሁ» ብዬ ያሰብኩት መስቀለኛ አንድ መስቀለኛ አልነበረም። ሁለት ነበር።

በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ሕጋቸውን የቀዱበት ወጥ የተሽከርካሪ ሕግ ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል። የአንድ መንገድ ሁለት ግማሾች በ30 ጫማ፣ ማለትም በ9 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ተራርቀው ከሆነ፣ እያንዳንዱ ማቋረጫ ራሱን የቻለ መስቀለኛ ተደርጎ ይቆጠራል። አካፋዩ ከዚያ ጠባብ ሲሆን ሁሉም እንደ አንድ መስቀለኛ ይታያል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ጠባቡ አካፋይ ላይ መካከል የቆመ ሰው በመስቀለኛው ውስጥ ነው፤ አረንጓዴ በርቶለት ገብቷልና መንገዱ ሲጠራለት ጨርሶ ይወጣል። ሰፊው አካፋይ ላይ የቆመ ሰው ግን ከአንዱ መስቀለኛ ወጥቶ በሌላው ደጃፍ ላይ ነው የቆመው። ከፊቱ የማቆሚያ መስመርና መብራት ካለ፣ ያ መብራት ገና ያልገባበት ቦታ መብራት ነው። ቀይ ከሆነ ቀይ ነው።

ሜትር ይዞ መንገድ የሚለካ አሽከርካሪ የለም፤ ይህን አውቃለሁ። ለዚህ ነው መሬቱን ማንበብ የሚያስፈልገው። አካፋዩ መካከል ነጭ የማቆሚያ መስመር ተሰምሯል? ከመስመሩ ማዶ መብራት ተተክሏል? ሁለቱም ካሉ ቦታውን የሠራው መሐንዲስ «እዚህ ትቆማለህ» እያለን ነው። ከሌሉ ደግሞ «እዚህ የምትቆመው ቅድሚያ ለመስጠት ብቻ ነው» ማለቱ ነው።

የመኪናውን ርዝመትም ማሰብ አለ። አንድ መደበኛ የከተማ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል ነው። 9 ሜትር ስፋት ያለው አካፋይ ላይ የቤት መኪና ዘና ብሎ ይቆማል፤ አውቶቡሱ ግን አፍንጫው መስመሩ ላይ ሲደርስ ጭራው የመጀመሪያውን ግማሽ ዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ የአውቶቡስ ነጂ ሁለቱን ማቋረጫዎች እንደ አንድ አስቦ፣ እስከ መጨረሻው መውጫ ካላገኘ ከነጭራሹ አይነሳም። አውቶቡስ አረንጓዴ በርቶለት ቆሞ ስታዩ ክላክስ ከመንካታችሁ በፊት ይህን አስቡለት፤ እባካችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ በቀይ መብራት ወደ ግራ መታጠፍ የሚፈቀድበት ቦታ አለ ወይ? አለ። በቀኝ በኩል በሚነዳባቸው አገሮች አብዛኛው ሕግ በቀይ መብራት ወደ ግራ መታጠፍን ይከለክላል። በአሜሪካ ግን ብዙ ግዛቶች አንድ ጠባብ በር ከፍተዋል፦ ከአንድ አቅጣጫ መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ መንገድ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ለእግረኛና አረንጓዴ ለበራለት ሁሉ ቅድሚያ ሰጥቶ መታጠፍ ይቻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንዲህ ያለው መታጠፊያ የቀኝ መታጠፊያ የመስታወት ምስል ነው፤ የሚያቋርጠው የተቃራኒ አቅጣጫ ትራፊክ የለም። ሚሺጋን፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተንና አይዳሆ ከባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድም ተነሥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ መንገድ በቀይ መታጠፍን ይፈቅዳሉ። ሰሜን ካሮላይናና ኮነቲከት ደግሞ በቀይ ወደ ግራ መታጠፍን ጨርሶ አይፈቅዱም። ድንበር ተሻግሮ ትንሽ የነዳ ሰው፣ ትናንት የተፈቀደለት ነገር ዛሬ ጥፋት ይሆንበታል።

ባለ አካፋይ መንገድ ላይ የሚነዱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። «እኔ ያለሁበት ግማሽ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድበት ነው፤ ስለዚህ የእኔ መንገድ አንድ አቅጣጫ ነው» ይላሉ። ይህን ክርክር ከተማሩና ከጠነቀቁ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። አይደለም። አካፋዩ መንገዱን ለሁለት ከፈለው እንጂ የሌላውን ግማሽ ትራፊክ አላጠፋውም። በዚያ መንገድ እየነዱ ወደ ግራ ሲታጠፉ ከአካፋዩ ማዶ ያለውን፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ግማሽ ማቋረጥ የግድ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ደግሞ የሚቋረጥ ነገር ስለሌለ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ትቶ ቃሉን ብቻ የያዘ ሰው ቃሉ ወደ አደጋ ይወስደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሚሺጋን ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋ አሠራር አለ። መስቀለኛው ላይ በቀጥታ ወደ ግራ መታጠፍ ይከለከላል። አሽከርካሪው ቀጥ ብሎ ያልፍና ራቅ ብሎ በአካፋዩ ውስጥ በተሠራ መመለሻ ዞሮ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የመመለሻው ጫፍ ላይ መብራት ሊኖር ይችላል። እዚያ ቦታ፣ የሚከለክል ምልክት ካልተተከለ፣ በቀይ ቆሞ አጣርቶ ወደ ግራ መግባት በዚያ ግዛት ሕግ ይፈቀዳል። ከአንድ አቅጣጫ መመለሻ ወጥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ግማሽ ነውና የሚገባው። ሩቅ ይመስላል፤ ግን በመኪና መካከል ሰንጥቆ ከመግባት ዞሮ መምጣትን እኔ እመርጣለሁ።

ቻይና ደግሞ ሌላ መላ አላት። በትላልቅ መስቀለኛዎች ላይ ከማቆሚያው መስመር ወዲያ፣ መስቀለኛው ውስጥ፣ ለግራ ታጣፊዎች የተቀባ የመጠበቂያ ስፍራ አለ። ቀጥታ ለሚሄዱት አረንጓዴ ሲበራ፣ የግራው ቀስት ገና ቀይ ሆኖ ሳለ፣ ታጣፊዎቹ ወደዚያ ስፍራ ይጠጋሉ። ቀስቱ አረንጓዴ ሲሆን ከዚያ ይነሣሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቀይ ጥሰው የገቡ ይመስላሉ። ግን ያላቸው ፈቃድ እስከተቀባው መስመር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀዩ ይገዛቸዋል።

በግራ በኩል በሚነዳባቸው አገሮች ይህ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ አስቸጋሪው መታጠፊያ የቀኙ ነው፤ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ምልክት የተተከለበት ቦታ ላይ ከቆሙ በኋላ በቀይ ወደ ግራ መታጠፍ ይቻላል።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለምንድን ነው? የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ከመስቀለኛ መንገድ ግጭቶች መካከል 22.2 በመቶ ያህሉ ግጭቱን ያስከተለው ወሳኝ ክስተት ወደ ግራ መታጠፍ ነበር። ወደ ቀኝ መታጠፍ ግን 1.2 በመቶ ብቻ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ ዓይኔ ፊት የመጣው ሠንጠረዥ አልነበረም፤ እርጥብ የራስ ቁር ነው።

ስጠብቅ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጎማዬን ቀጥ አድርጌ እቆማለሁ፤ መሪውን አስቀድሜ ወደ ግራ አልጠመዝዝም። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጨኝ፣ የተጠመዘዘ ጎማ በቀጥታ ወደሚመጣው ትራፊክ ይከተኛል፤ ቀጥ ያለው ግን ወደፊት ብቻ ይገፋኛል። ሌላው፣ ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው የመኪናው ምሰሶ አንድን እግረኛ ወይም ሞተረኛ ሙሉ በሙሉ ሊጋርድ ይችላል። ስለዚህ ከመነሣቴ በፊት ወገቤን ሰበቅ አድርጌ ከምሰሶው ወዲያና ወዲህ አያለሁ። በጨለማ ደግሞ አካፋዩን በዓይኔ ፈልጌ ሳላገኝ አልታጠፍም። ከጎን መንገድ የመጣ ሰው ቸኩሎ ቅርቡ ግማሽ ላይ ከታጠፈ፣ ሁሉም ፊት ለፊት እየመጣበት ነው የሚነዳው።

ስለ ማቆሚያው መስመርም አንድ ነገር አለ። በብዙ ቦታ ለግራ መታጠፊያ በተለየው ረድፍ ላይ፣ አስፋልቱ ውስጥ ሽቦ ተቀብሯል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አስፋልቱ በቀጭኑ ተቆርጦ ተመልሶ የተደፈነበት አራት ማዕዘን ታያላችሁ። መኪናው ከላዩ ሲቆም ሽቦው ብረቱን ያውቅና ለመብራቱ መቆጣጠሪያ «እዚህ የሚጠብቅ አለ» ይለዋል። ከመስመሩ ብዙ ርቆ የቆመ ሰው ስለማይታወቅ ቀስቱ ሳይበራለት ዙሩ ሊያልፈው ይችላል። ያኔ ትዕግሥቱ ያልቅና በቀይ ይገባል። «መብራቱ ተበላሽቷል» ሲሉ ከሰማኋቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለት መኪና ያህል ወደኋላ ቀርተው የቆሙ ነበሩ።

እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አልነገርኳትም። ለተማሪ በአንድ ጊዜ ይህን ማውረድ ማስጨነቅ ነው። «ቀስቱ ነው የእኛ» አልኳት። «ክቦቹ ቀጥታ ለሚሄዱት ናቸው። በአጠገብሽ ሁሉም ቢነዱም ቀስቱ ቀይ እስከሆነ ድረስ አንቺ ቆመሻል።» አንገቷን ነቀነቀች። መስመሩ ላይ በደንብ መጠጋቷን ወርዳ ልታይ ፈልጋ ነበር፤ ከመስኮቱ አይበቃሽም ወይ አልኳትና አጮልቃ አየች። ተጠግታለች። ጎማዋም ቀጥ ብሏል፤ ያንን ሳልነግራት ነው ያደረገችው።

በቀኛችን ያሉት መኪናዎች ማለፍ ጀመሩ። ያን ጊዜ ከኋላችን ያለው ክላክስ ያዘ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ረጅም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት፤ እጄ ሳላስበው የእጅ ፍሬኑ ላይ አረፈ። እሷ ወደ መስታወቱ ቀና አለች፤ ቀጥላ ቀስቱን አየች። እግሯ ከፍሬኑ ላይ አልተነሣም።

«ይቅርታ» አለች፣ ለመስታወቱ፣ በጣም በትሕትና። «የእኛ ገና ነው።»