ፎረፎር ቅቤ ይወዳል

[ምስል፦ የማበጠሪያ ጫፍ ፀጉር ለሁለት ሲከፍል፤ መሃሉ ላይ ነጭ ቅርፊት]

እስቲ ካሜራውን ጠጋ ላድርገው። ይቺ ነጯ ታየቻችሁ? በጥፍሬ ጫር አደረግኋት። አሁን በጣቶቼ መሃል ሳሻት ትለጠፋለች። ደረቅ ብትሆን እንደ ዱቄት ብን ትል ነበር። ይቺ ግን ወዝ አላት።

ቤተሰብ ይሄን ሲያይ ምን ይላል? "ራስህ ደርቋል፣ ቅቤ ተቀባ።" እኔም ስንት ዓመት ተቀብቻለሁ። ትራሴም አብሮኝ ተቀብቷል። ማሳከኩ ግን ባሰበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ይኖራል። ቋቁቻ የሚያመጣውም እሱው ነው። ምግቡ የቆዳችን ወዝ ነው። ወዙን ሲበላ የሚተርፈው አሲድ አንዳንዶቻችንን ይቆጠቁጠናል፤ ቆዳው ተቆጥቶ ቶሎ ቶሎ ይቀረፋል። ፎረፎር ማለት ይሄው ነው። በላዩ ቅቤ ስንጨምር፣ እንግዲህ ድግስ ደገስንለት።

[ምስል፦ ሻምፖ መዳፍ ላይ ሲፈስ]

ፋርማሲ ሄዳችሁ ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት 2 በመቶ ያለበት ሻምፖ ጠይቁ። የምንሳሳተው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ፀጉሩን አረፋ በአረፋ እናደርግና ወዲያው እናለቀልቀዋለን። ፀጉሩ ምን አጠፋ? በጣት እየከፈላችሁ ቆዳው ድረስ አድርሱት። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተዉት። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ፀጉር ስለሚያደርቅ ጫፍ ጫፉን ኮንዲሽነር ቀቡ። ቅቤ ካልተቀባሁ የምትሉም ጫፉን ብቻ።

ሹሩባ በተሠራችሁ ማግስት ግንባር ዳር የሚወጡት የሚያሙ ብጉሮችስ? እሱ ፎረፎር አይደለም፤ ጠብቆባችሁ ነው። ፍቱት። "ሁለት ቀን ታገሺ፣ ይለቃል" የሚሏችሁን አትስሙ። ዓመት ሙሉ እየተሳበ የሳሳ ፀጉር ላይመለስ ይችላል።

[ምስል፦ የልጅ ራስ ላይ ክብ ምልክት፣ በሥዕል]

ልጅ ላይ ክብ ሆኖ ከተላጠ፣ ፀጉሩም ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ከቀረ፣ ቆረቆር ሳይሆን አይቀርም። ትምህርት ቤት "ቆረቆራም" እያልን የሳቅንባቸው ልጆች ያማቸው ነበር፣ ቆሻሾች አልነበሩም። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ሻምፖና ቅባት ብቻቸውን አያጠፉትም። ሐኪም የሚያዘው፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። የወንድም እህቶቹንም ራስ እዩ። በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ ባልጸዳ ቶንዶስ ይተላለፋል። ቦታው አብጦ መግል ከያዘ ደግሞ አታፍርጡት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።