መጽሐፋችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ

እንደምን ዋላችሁ? በራሳችሁ ገንዘብ መጽሐፍ ላሳተማችሁ፣ ረቂቁን ይዛችሁ «ላሳትም አላሳትም» ለምትሉም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ምክር ከመስጠቴ በፊት ልናዘዝ። የመጀመሪያ መጽሐፌን በራሴ ወጪ ሳሳትም አንድ ሺህ ቅጂ ቤቴ ገባ። ካርቶኑን አልጋ ሥር፣ በር ኋላ፣ ቁም ሣጥን ላይ ደረደርኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። ምን እንደምጠብቅ ለራሴም አልገባኝም። ምናልባት አንባቢ በሬን አንኳኩቶ «መጽሐፍ ጽፈሃል ሲሉ ሰምቼ ነው» እንዲለኝ ይሆናል። በዓመቱ የአብዛኛው ካርቶን ፕላስተር እንኳ አልተነካም ነበር።

ጥፋቱን ያላላከክሁበት ነገር የለም። አንባቢ ጠፋ አልኩ። ዘመኑ የስልክ ነው አልኩ። ሰው ለቁም ነገር ጊዜ የለውም አልኩ።

አንድ ቀን ግን የሥራ ባልደረባዬ ከጓደኛዋ ጋር አስተዋወቀችኝ። መጽሐፌን አንብባ ወድዳዋለች። «ደራሲ እኮ ነው» አለችው። «ስለምን ነው የጻፈው?» አላት። ዝም አለች። ጣራ ጣራውን አየች። «እ... እንዴት ልበልህ... ስለ ሕይወት ነው» አለችው። ሰውየው «አሃ» አለና ወሬውን ቀየረ።

ሽያጬ የሞተው እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ሴትየዋ ልትረዳኝ ፈልጋ ነበር። ለሰው የምታቀብለው ነገር ግን አልሰጠኋትም። መጽሐፉን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። «ስለምን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማዘጋጀት አንድ ከሰዓት አላጠፋሁም።

ብራንድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣብን ሎጎ ነው፤ ቀለም፣ የፌስቡክ ገጽ፣ ክንድን አጣጥፎ የተነሡት ፎቶ። እኔ አሁን የምረዳው እንዲህ ነው። የአንድ ደራሲ ብራንድ እሱ በሌለበት አንባቢ ስለ እሱ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሽፋኑም፣ የጀርባ ጽሑፉም፣ ስማችሁም ይቺን ዓረፍተ ነገር አንባቢው አፍ ውስጥ ለማስገባት ነው የሚሠሩት።

ስም ምን ያህል እንደሚሠራ ካላመናችሁኝ ይቺን ስሙ። የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በፈረንጆቹ 2013 ሮበርት ጋልብሬዝ በሚል የብዕር ስም የወንጀል ልብ ወለድ አሳተመች። የገመገሙት ሰዎች አመስግነውታል። ገበያው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ጋዜጣ ምስጢሩን አወጣው። መጽሐፉ ወዲያው በአማዞን የሽያጭ ዝርዝር አናት ላይ ወጣ። ከውስጡ አንዲት ፊደል አልተቀየረችም። እኔና እናንተ ማለት ምስጢሩ ሳይወጣ የነበረው ጋልብሬዝ ነን። ጎበዝ ብንሆንም የሚያውቀን የለም።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። ሮውሊንግ ምስጢሩ ከወጣም በኋላ ተከታዮቹን የወንጀል መጻሕፍት በዚያው በጋልብሬዝ ስም ነው የቀጠለችው። የልጆች አስማት የሚፈልግ አንባቢ ሬሳ እንዳያጋጥመው፣ ሬሳ የሚፈልገውም አስማት እንዳያጋጥመው። አንድ ስም፣ አንድ ቃል ኪዳን። ዛሬ የግጥም መድበል፣ ነገ የሥራ ፈጠራ መመሪያ፣ ከነገ ወዲያ የፍቅር ልብ ወለድ በአንድ ስም የምታወጡ ከሆነ አንባቢያችሁ ስለ እናንተ ምን ብሎ ያውራ? ይህን የምለው በቁጭት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።

እሺ፣ ዓረፍተ ነገሯ እንዴት ትገኛለች? አንባቢው ማን እንደሆነ ከማወቅ ነው የሚጀመረው። «ለሁሉም ሰው ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም። እንግሊዛዊቷ የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ቢትሪክስ ፖተር የጥንቸሉን የጴጥሮስን (የፒተር ራቢትን) ታሪክ ያየው አሳታሚ ሁሉ ሲመልስባት በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። መጽሐፉን ሆን ብላ ትንሽ አደረገችው። ለምን? አንባቢዋ ትንሽ እጅ ነው ያለው። በዓመቱ አንድ አሳታሚ አወጣላት። በ1903 ደግሞ የጥንቸሉን አሻንጉሊት ሠርታ መብቱን አስመዘገበች። ያን ጊዜ ብራንድ የሚል ሥልጠና የሰጣት ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጆችን ታውቅ ነበር፣ በቃ።

አንባቢያችሁን ካወቃችሁ ወደ ሽፋኑ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚቆጥበው እዚሁ ላይ ስለሆነ።

ዛሬ ሽፋናችሁ መጀመሪያ የሚታየው ስልክ ላይ ነው። መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ኮምፒውተር ላይ ሞልታችሁ ስታዩት የሚያምረው ጀንበር፣ ዳር ላይ የቆመችው ልጅ፣ የሚበርረው ወፍ፣ በዚያ መጠን ጭቃ ነው የሚመስለው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሽፋኑን ስልካችሁ ላይ አሳንሱትና ለማያውቃችሁ ሰው አሳዩት። «ያምራል ወይ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ሰው ጨዋ ነው፣ «ያምራል» ይላችኋል። «ይህ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይመስልሃል?» በሉት። የወንጀል ታሪካችሁን «የጸሎት መጽሐፍ ነው?» ካላችሁ ዲዛይነሩ ጋ ተመለሱ። ሽፋን ጌጥ አይደለም። እንደ በር ላይ ጽሑፍ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራል።

የእህታችሁ ልጅ ሥዕል ጎበዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድግዳ ላይ ስቀሉለት።

የጀርባው ጽሑፍ ላይ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። «አስተማሪ፣ አዝናኝና ልብ አንጠልጣይ» የሚለውን እባካችሁ ተዉት። ይህን ያልጻፈ ደራሲ አላየሁም። ሁሉም የሚለው ነገር ደግሞ ማንንም አይለይም። ልብ ያንጠለጥላል ከማለት አንጠልጥሉት። ማን ነው? ምን ፈለገ? ምን አገደው? ካልተሳካለት ምን ያጣል? በእነዚህ አራት ጥያቄዎች አምስት መስመር ጽፋችሁ አቁሙ። መጨረሻውን አትንገሩን። መረጃ ሰጪ መጽሐፍ ከሆነም ያው ነው፤ አንባቢው ምን ቸግሮት መጣ፣ ምን ይዞ ይሄዳል?

ኢንተርኔት ላይ የምትሸጡ ሰዎች ሌላም ነገር አለባችሁ። የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መሸጫና ማንበቢያ በሆነው ኪንድል ላይ አንባቢ ከመግዛቱ በፊት ከመጽሐፉ መጀመሪያ 10 በመቶ ያህሉን በነጻ ያነባል። አሁን የእኛን መጻሕፍት ክፈቱ። መታሰቢያ። ምስጋና፤ እሱም ከአንደኛ ክፍል መምህር ጀምሮ። የአንድ ምሁር አስተያየት። የሌላ ምሁር አስተያየት። መቅድም። መግቢያ። አሥር በመቶው አለቀ። ታሪኩ አልጀመረም። እንግዳ ጋብዞ በር ላይ አቁሞ ቤተሰብ እንደማስተዋወቅ ነው። ምስጋናውን ወደ ኋላ ውሰዱት። የተመሰገኑት ሰዎች የትም ቢሆን ፈልገው ያገኙታል፣ አታስቡ።

እዚያው አማዞን ላይ መጽሐፍ ስታስገቡ ለመፈለጊያ ቃላት ሰባት ቦታ ይሰጣችኋል። «ምርጥ» እና «ልብ ወለድ» ብላችሁ አታባክኑት። አንባቢ መፈለጊያው ላይ የሚጽፈውን ጻፉ። የዋጋ ነገር በአጭሩ፦ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሆነ በብዙ ገበያዎች እስከ 70 በመቶ ይደርሳችኋል፤ ከዚያ ውጭ 35 በመቶ ነው። ይህን ሳያውቅ በ1.99 ዶላር የሚሸጥ ሰው ገጥሞኛል።

አሁን ወደ አስተያየት ልምጣ። አሜሪካዊውን ገጣሚ ዋልት ዊትማንን ታውቁታላችሁ። በ1855 የግጥም መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳተመ፤ ከፊሉን የማተሚያ ፊደል የደረደረው ራሱ ነው። ለዚያ ዘመን ትልቅ ጸሐፊ ለራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን አንድ ቅጂ ላከለት። ኤመርሰን በጣም ወድዶት የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። ዊትማን ምን አደረገ? በ1856 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ከደብዳቤው አንዱን መስመር መርጦ፣ ከኤመርሰን ስም ጋር፣ በመጽሐፉ ጀርባ አጥንት ላይ በወርቅ ቀለም አሳተመው። ሳያስፈቅድ! ይህም አልበቃው። ስሙን ደብቆ በጋዜጣ የራሱን መጽሐፍ አወደሰ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ብልህ ነው፣ ብቻ አስፈቅዱ። ሁለተኛውን ግን ዛሬ እንዳትሞክሩት። አማዞን የደራሲው ዘመድና ጓደኛ የጻፈውን አስተያየት ያነሣል። አሜሪካ ውስጥ የሐሰት አስተያየት መግዛትና መሸጥን በቅጣት የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ቅጣቱ ባይኖርም አንባቢ ያሸትተዋል። በአንድ ሌሊት ሃያ ሰው «ድንቅ ሥራ!!!» ካለ፣ ሃያውም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ይታወቃል።

ይልቅ መጽሐፉ ከመውጣቱ ከአንድ ወር በፊት ያን ዓይነት መጽሐፍ የሚወዱ ሃያ ሠላሳ ሰዎች ፈልጉ። በነጻ ስጧቸው። «የመሰላችሁን ጻፉ» በሏቸው፤ የምር የመሰላቸውን። ከመካከላቸው አንዱ «መካከሉ ላይ ደከመኝ» ቢል አትቆጡ። እንዲያውም እሱ ነው የቀሩትን የሚያሳምንላችሁ።

ከአንድ ወር በፊት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን ስለ ገበያ ማሰብ የምንጀምረው ካርቶኑ ቤት ከገባ በኋላ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ አንዲ ዊር በተቃራኒው ነው የሄደው። ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የጻፈውን ታሪክ ምዕራፍ በምዕራፍ ድረ ገጹ ላይ በነጻ አወጣው። የሳይንስ ሰዎች እያነበቡ ስህተቱን አረሙለት። አንባቢዎቹ ራሳቸው «ኪንድል ላይ አድርግልን» ብለው ጠየቁት። በ2011 አማዞን በሚፈቅደው ዝቅተኛ ዋጋ፣ በ0.99 ዶላር አወጣው። ከዚያ በኋላ ትልቅ አሳታሚም፣ ሆሊውድም መጡ። የእኛ መጽሐፍ ፊልም ይሆናል እያልኩ አይደለም። መጽሐፉ ሲወጣ ጠባቂ ነበረው፣ እሱን ነው የምላችሁ።

ጠባቂዎቻችሁን ደግሞ የራሳችሁ ቦታ ላይ ሰብስቡ። ማኅበራዊ ሚዲያ የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ አንድ ቀን ተነሥቶ ሕጉን ይቀይራል፤ አምስት ሺህ ተከታይ አለኝ ስትሉ ልጥፋችሁን መቶ ሰው ብቻ ያየዋል። የኢሜል ዝርዝር ግን የእናንተ ነው። መቶ ሰው ፈቅዶ ኢሜሉን ቢሰጣችሁ እኔ ከሺህ ላይክ አስበልጠዋለሁ። መጠየቂያው ምርጥ ቦታ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ካለቀ በኋላ ያለው ገጽ። አንባቢው ልቡ የሞቀው ያኔ ነው። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ ባዶ ወረቀት ነው የምንተውለት።

ኢሜሉንም፣ አንድ የመረጣችሁትን ማኅበራዊ ሚዲያም «መጽሐፌን ግዙ» ብቻ አታድርጉት። በየቀኑ ብድር የሚጠይቅ ጓደኛን ሰው መንገድ ቀይሮ ነው የሚያልፈው። ስለምትጽፉት ዓለም አውሩ። የወንጀል ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ ስለ አሻራ አውሩ፣ ስለ መርዝ አውሩ። (ፖሊስ ቢጠራችሁ እኔን አትጥቀሱ።)

ስለሚከፈልበት ማስታወቂያ ብዙ አልልም። ሽፋኑና የጀርባ ጽሑፉ ሳይስተካከል የሚከፈል ማስታወቂያ መጥፎውን ሽፋን ለብዙ ሰው ማሳየት ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ መጽሐፍ ጻፉ። የወደዳችሁ አንባቢ ሌላ ሲጠይቅ የምትሰጡት ይኑራችሁ።

የኔን ካርቶኖች መጨረሻ ሳልነግራችሁ። ሦስተኛው መጽሐፌ ሲወጣ የመጀመሪያውን ሽፋን ቀይሬ፣ የጀርባውን ጽሑፍ እንደ አዲስ ጽፌ እንደገና አወጣሁት። ያቺን ባልደረባዬንም ሄጄ «አሁን ስለምን ነው ብለው ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ሳታስብ፣ በአንድ ትንፋሽ መለሰችልኝ። ከእኔ ዓረፍተ ነገር የተሻለ ስለነበር ቀጥታ ወስጄ ጀርባው ላይ ጻፍኩት። አስፈቅጄ ነው፣ ዊትማን አይደለሁም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ከጎናችሁ ወዳለው የማታውቁት ሰው ዞር በሉ። መጽሐፋችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። እሱ ደግሞ ከዚያኛው ጎኑ ላለው ሰው ያስተላልፈው። ረድፉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚደርስ እንሰማለን። ሁለት ደቂቃ አላችሁ፤ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።