መላጥያ ላይ የዋልንበት ሐሙስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዝናቡ አባርቷል፤ ቆርቆሮው ዝም ሲል ቶሎ ብዬ መቅዳት አለብኝ። ከጀርባ የምትሰሙት የከባድ መኪና ድምፅ ነው። አቃቂ ነው ያለሁት፣ ቤታችን ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡት ሌሊቱን ሙሉ ያልፋሉ። እኔን ግን እንቅልፍ አይነሱኝም። ስንት ዓመት አብረን ኖርን!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ እኔና ባለቤቴ ወደብ ላይ ስለዋልንበት ቀን።

ባለቤቴ መርከበኛ ነበር። ንግድ መርከብ የተቀጠረው በ1970 ዓ.ም ነው፤ ጡረታ የወጣው በ2008። ሥራው ሞተር ክፍል ውስጥ ነበር፣ ከታች። እኔ ደግሞ አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። የተጋባነው በ1974 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሯችን ዘጠኝ ወር ባሕር፣ ሁለት ወር ቤት ነበር። ልጆቹ ሲወለዱ አልነበረም። ጥርሳቸው ሲወልቅም አልነበረም።

ለእኔ ወደብ ማለት የደብዳቤ አናት ላይ የሚጻፍ ስም ነበር። ጄዳ፣ ቦምቤይ፣ አንትወርፕ። ደብዳቤው እጄ ሲገባ እሱ ከዚያ ወደብ ከወጣ ወር ሆኖታል። ስለዚህ የት እንዳለ አውቄ አላውቅም፤ የት እንደነበረ ብቻ ነው የማውቀው። የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ ውጊያ ተነሳ ሲባል መርከቡ የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ክፍል ገብቼ አስተምሬ፣ ወጥቼ ሽንት ቤት ውስጥ አለቅሳለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ሕንድ አገር መሆኑን የሰማሁት። ወደብ የሚባለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ጠላሁት። ተማሪዎቼን ቃላት ሳስመሠርት እንኳ እዘለዋለሁ።

ታዲያ ልጃችን ጣሊያን፣ ጄኖዋ ነው የምትኖረው። «እናንተ አንድ ላይ ባሕር አይታችሁ አታውቁም» ብላ የ21 ቀን ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር ማለት ነው፣ ቆረጠችልን። ያጠራቀመችውን ነው ያወጣችው። እኔ «ባሕር ምን አድርጎልኝ» ብዬ ነበር። እሱ ምንም አላለም። ዝም ሲል ደግሞ መሄድ መፈለጉን አውቃለሁ።

ስለ መርከቡ ብዙ አላወራም። ትልቅ ነው፣ አንድ ቀበሌ ያህል ሰው ይዟል፣ ምግቡ አያልቅም።

ስምንተኛው ቀን ላይ ማልታ ደረስን። ጠዋት ከአልጋዬ ቀና ብዬ በመስኮት ሳይ፣ ማር የመሰለ ድንጋይ ብቻ። ግንቡም ድንጋይ፣ ቤቱም ድንጋይ፣ ሁሉም አንድ ቀለም። «ይቺ እኮ መላጥያ ናት» አልኩት። ሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችው፣ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ደሴት። 276 ሰው ነበር በዚያ መርከብ ላይ፤ አንድም ሳይሞት በዋና፣ በሳንቃም እየተንሳፈፈ ወጣ። የደሴቲቱ ሰዎች ዝናብና ብርድ ስለነበር እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መርከበኛ ላገባች ሴት ያ ምዕራፍ እንደ ጸሎት ነው።

ስንወርድ በር ላይ ካርዳችንን አሳየን። ሠራተኛዋ «ከአሥር ሰዓት ተኩል በፊት ተመለሱ» አለችን፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። መርከቡ የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ መርከቡ የታሰረበትን ገመድ ቆሞ አየ። ጎንበስ ብሎ፣ ልክ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ። «ጥሩ አስረውታል» አለ። ከዚያ ነው መሄድ የጀመርነው።

ከወደቡ ወደ ከተማው፣ ወደ ቫሌታ፣ የሚያወጣ አሳንሰር አለ፤ 58 ሜትር ነው። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ተመስገን አልኩ። ከላይ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተክርስቲያን ገባን። ትከሻ መሸፈን ግዴታ ነው፣ ነጠላዬ አላሳፈረችኝም። የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ሲቆረጥ የሚያሳይ፣ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1608 የሳለው ትልቅ ሥዕል አለ። ሠዓሊው ስሙን የጻፈው ከአንገቱ በሚፈሰው ደም ላይ ነው። እኛ ዘመን መለወጫን ቅዱስ ዮሐንስ እያልን አበባ የምንይዝለት ያው ዮሐንስ። ፊቱ ቆሜ መናገር አቃተኝ።

አሁን ልቤ ውስጥ የቀረውን ልንገራችሁ። ከቤተክርስቲያኑ ወጥተን፣ ከዋናው ጎዳና ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ አገኘን። ፓስቲዚ የሚሉትን ይሸጣሉ፤ የኛን ሳምቡሳ የሚመስል፣ አይብ ያለበት፣ ድርብርብ ሊጥ። ከፊታችን አንዲት አሮጊት ተሰልፈዋል። ሻጩ በወረቀት እየጠቀለለ ይቆጥርላቸዋል። «ዊሄት፣ ትኔይን፣ ትሊታ፣ ኤርባ፣ ሃምሳ።»

ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። «ሃምሳ ዩሮ ነው እንዴ የሚለው?»

እኔ ግን ጆሮዬ ቆሞ ነበር። በእነሱ ሃምሳ ማለት አምስት ነው! ግእዙ ኀምስቱ ነው። አርባዕቱ፣ ኀምስቱ። ልጅ ሆኜ አቃቂ ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠርኩት ቁጥር፣ ባሕር መሀል፣ ሳምቡሳ ሻጭ አፍ ላይ።

የማልታ ቋንቋ ሴማዊ ነው፤ ከአረብኛ የወጣ። የሚጽፉት ግን በላቲን ፊደል ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ካሉት የሥራ ቋንቋዎች ሴማዊው እሱ ብቻ ነው። ይህን ከዚያ በፊት አንብቤ ነበር። ማንበብና መስማት ግን ለየቅል ናቸው።

ተራችን ሲደርስ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ነገርኩት። ከዚያ በጣቴ ዓይኔን አሳየሁት፣ «ዓይን» አልኩ። ሳቀ። «አይን» አለ፣ ያው ነው። ምላሴን አሳየሁት፤ «ኢልሲየን» አለ፣ ልሳን ማለቱ ነው። ዳቦውን አነሳ፤ «ሆብስ»። ኅብስት! ደም ደም ነው። ሞት መውት ነው። ስም ኢሰም። ተሰልፈው የነበሩት አሮጊት አልሄዱም፣ ቆመው ይሰማሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ነኩና «ኢል ሃሚስ» አሉኝ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። አሮጊቷን አቅፌ ሳምኳቸው። እሳቸውም ሳሙኝ፣ ግራና ቀኝ።

አርባ ዓመት አማርኛ አስተምሬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ባለቤቴን «አንተ እዚህ መጥተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «ሁለት ጊዜ» አለ። «ሰው አናግረህ ታውቃለህ?» ትንሽ አሰበ። «ከሞተር ክፍል ለመውጣት ጊዜው የት አለ» አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኔ ስንት ዘመን የቀናሁበት ነገር ነው ይሄ። እኔ አቃቂ ላይ በጭቃ ልጅ አዝዬ ስሄድ እሱ ዓለምን ያያል እል ነበር። ተናግሬዋለሁም፣ ስንጣላ። እሱ ግን ያየው የብረት ግድግዳ ነው። እጁ የነካው ባሕር ሳይሆን ናፍታ ነው፤ ቤት ሲመጣ የሚያመጣልኝ ብርድ ልብስ ሁሉ ናፍታ ናፍታ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ባራካ የሚሉት አትክልት ቦታ ቁጭ አልን። ከታች መድፎች ተደርድረዋል። በየቀኑ ስድስት ሰዓትና አሥር ሰዓት ላይ ይተኮሳል። የቀትሩ መድፍ ድሮ መርከበኞች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ነበር። ባለቤቴ አስረዳኝ፦ የመርከብ ሰዓት አራት ሴኮንድ ከተሳሳተ፣ ምድር ወገብ አካባቢ መርከቡ ያለበትን ቦታ በአንድ የባሕር ማይል ይስታል። ባሕር ላይ ሰዓት ማለት ቦታ ነው።

ይህን እያለኝ መድፉ ጮኸ። ደንግጬ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ! «መርከቡ ጥሎን ሄደ!» ብዬ ተነሳሁ። ቦርሳዬ ወደቀ። እሱ ቀስ ብሎ እጄን ያዘና የእጅ ሰዓቴን ፈታው። የአቃቂ ሰዓት ነበር ይዤ የመጣሁት፤ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ወደ ኋላ መልሶ አስተካከለልኝና መልሶ አሰረልኝ። «አብረን ነን እኮ» አለ። «ማን ነው ጥሎን የሚሄደው?»

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ መርከቡ ውስጥ ነበርን። ላይኛው ፎቅ ወጥተን አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ከታች ሰዎች ገመድ ሊፈቱ ይዘጋጃሉ። «አሁን የኋላውን ይፈቱታል» ይላል እሱ፤ ይፈቱታል። «አሁን የፊቱን።» ልክ ነው። ድንገት ዝም አለ። ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ ግንቡ ላይ ነው።

«ምነው?» አልኩት።

«መርከብ ከወደብ ሲወጣ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

እንዴት? አልኩ፣ የምር አልገባኝም። መርከብ ሲገባና ሲወጣ ሞተር ክፍል ስታንድባይ ነው፤ ማንም ከታች አይወጣም። ወደብ ሲርቅ አያዩም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከወደብ ወጥቷል፣ አንዴም አላየውም። እኔም ሲሄድ አላየሁትም፤ የሸኘሁት አውቶቡስ ተራ ድረስ ነው።

ከዚያ እግሩን ወለሉ ላይ አጠበቀ። እኔ ምንም አልተሰማኝም፣ ውኃውም አልተንቀሳቀሰም።

«ተነሳ» አለ።

እውነትም ግንቡ ቀስ እያለ መሸሽ ጀመረ።