እኔ ግን እሰማቸዋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም እንደተለመደው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው የማናግራችሁ፤ የብሎካችን ውሾች መጮህ ሳይጀምሩ ልጨርስ። ባለፈው ክፍል ስለ «ተከራያችን»፣ ማለትም ደረጃችን ላይ ሰፍሮ ስለቀረው ጀሪካን፣ ካወራሁላችሁ በኋላ ብዙዎቻችሁ እንባ እስኪፈስ የሚስቁ ምስሎችን ልካችሁልኛል፤ አንድ አድማጭማ «ወንድሜ፣ ኪራይ ጨምርበት፣ ራሱ ይለቃል» የሚል ምክር ጽፎልኛል። ዛሬ የማነሳው ያንን ሳቅ ነው፤ ይህኛው ክፍል ግን ያስቃችሁ እንደሆነ አላውቅም።

በመጀመሪያ ደረጃ ተከራያችን ለቋል። ማን እንዳስለቀቀው እስካሁን አልታወቀም። ውሃ የመጣ ሌሊት ያንን ቢጫ ጀሪካን ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ትቼው ስገባ «እሷ ታስገባዋለች» ብዬ ነበር፤ «ዋና ኦዲተሯ» የምላት ሚስቴ ደግሞ «የተወው ሰው ያስገባዋል» ብላ ነበር፤ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ሳንነጋገር 19 ቀን አለፈ። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ አካባቢ ዞረውት ያልፉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዷ በወተት ቆርቆሮ የተተከለች ጤና አዳም አምጥታ ከላዩ አስቀመጠችበት፤ ከዚያ በኋላ እሱን ማንሳት የሰው ንብረት መንካት ይመስል ጀመር።

በ18ኛው ቀን አማቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። የ130 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሳይሆን ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መንገድ እንደገደላቸው እየተናገሩ ደረጃውን ወጡና ጀሪካኑ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን አሳርፈውበት ትንሽ ተነፈሱ፤ ከጤና አዳሟ አንድ ቅጠል ቀንጥሰው በጣታቸው አሽተው አሸተቱ፤ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ላይ ቀጠሉ። አማት ሳትጠይቅ ስታልፍ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ማታ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ፣ «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሬይመንድ» የተባለውን የአሜሪካኖች ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ከፈትኩ። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2005 በ210 ክፍሎች የታየ ሲሆን፣ የባልየው እናትና አባት ከመንገዱ ማዶ ስለሚኖሩ በየሰዓቱ ሳያንኳኩ የሚገቡበት ድራማ ነው። የመረጥኩት ክፍል ሆን ብዬ የፈለግሁት ነበር፤ ባልና ሚስት ከጉዞ ሲመለሱ አንድ ሻንጣ ደረጃው ላይ ይቀርና ማን ያውጣው በሚል ሳምንታት ያልፋሉ። ባልየው ሚስቱን ለማሸነፍ የሚሸት አይብ ሻንጣው ውስጥ እስከመክተት ይደርሳል። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት በድርሰት ማግኘቱን ለአማቴ አስረዳሁ፤ በልቤም፣ ሚስቴ ይህን አይታ ትስቃለች፣ ስንስቅም ነገሩ ይበርዳል ብዬ አስቤ ነበር። ሻንጣ ከነአይቡ በሽልማት ሲከበር የእኛ ጀሪካን ምን አጠፋ?

አማቴ አልሳቁም። እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው እየሰሙ ጥቂት ከተጓዝን በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«እነዚህ የሚስቁት እነማን ናቸው?»

«ተመልካቾች ናቸው፣ እማማ። ሲቀረጽ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያያሉ።»

«ሰው ቤት ገብተው?»

ቤቱ ቤት እንዲመስል የተሠራ ስቱዲዮ መሆኑን አስረዳሁ። ያው እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ከጀመርኩ አላቆምም። እ.ኤ.አ. በ1951 ስለተጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» ስለሚባል ሲትኮም፣ በሦስት ካሜራ በተመልካች ፊት ስለመቀረጹ፣ ቻርልስ ዳግላስ የተባለ የድምፅ ባለሙያም የተቀዳ ሳቅ ስለሚለቅ ሳጥን ተረኩላቸው። ቁልፎቹን እንደ ጽሕፈት መኪና ሲጫኗቸው ፈገግታ ቢፈልጉ ፈገግታ፣ ካካታ ቢፈልጉ ካካታ ያወጣሉ፤ ሰውየው ሌላ ሰው ምስጢሩን እንዳያይበት ሳጥኑን በጓጉንቸር ይቆልፈው ነበር። አማቴ በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ ሳጥኑን ትተው ወደ ሌላ ሄዱ፦

«ባልና ሚስቱስ ይሰሟቸዋል?»

መቼም ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ተዋናዮቹ እንደሚሰሙ፣ እንዲያውም ሳቁ እስኪበርድ ንግግራቸውን እንደሚያዘገዩ፣ ባልና ሚስቱ ግን እንደማይሰሙ ነገርኳቸው። በዚህ መሃል ሚስቴ፣ ሰፌዱ ላይ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ ግን እሰማቸዋለሁ» አለች።

እኔ ሳቅሁ። ቴሌቪዥኑም በዚያችው ቅጽበት ሳቀ፤ እኩል ሳቅን።

ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደመለስኳት አልነግራችሁም። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። «ጨው አነሰው» በምትልበት ድምፅ ነው የተናገረችው። ጣቷ አንዲት ጠጠር ለይቶ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ገፋት፤ ከዚያም ሌላ ምስር አነሳ። እንደ ቀልድ ብላው ከሆነ የሰዓት አጠባበቋ ከእኔ ይበልጣል። እንደ ቀልድ ካልሆነ ደግሞ የሳቅሁት ምን ላይ ነው? አማቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ እርማት ማድረግ አለብኝ። ባለፈው ክፍል «ሦስት ጀሪካን አራተኛ ፎቅ አውጥቼ በአራተኛው ደከመኝ» ብያችሁ ነበር። እኔ ያወጣሁት አንድ ነው። ሁለቱን ያወጣችው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ እኔ ታች ቆሜ ከኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋር ስለ ውሃው ፈረቃ አወራ ነበር። ታሪኩ እንዲያስቅ ሰነፍ የሚመስለው ሰው ከእኔ ሌላ መሆን ስለነበረበት የእሷን ሁለት ጀሪካን ወደ ራሴ አዞርኩ። በእርግጥ ሁሉም የኮሜዲ ጸሐፊ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ የሬይመንድም ጸሐፊዎች ከየቤታቸው ጭቅጭቅ እየቀዱ ይጽፉ ነበር። እነሱ ግን ስም ቀይረዋል። እኔም «ዋና ኦዲተሯ» እያልኩ ቀይሬያለሁ እንዳልል፣ መላው ብሎክ ኦዲተሯ ማን እንደሆነች ያውቃል። ታዲያ ያችን ጀሪካን ያላነሳችበት ምክንያት... ይህን ልተወው።

ሉሲን ሆና የተጫወተችው ሉሲል ቦልና ባሏን ሆኖ የተጫወተው ዴሲ አርናዝ በእውነተኛው ሕይወታቸውም ባልና ሚስት ነበሩ። አገር ሙሉ እየሳቀላቸው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1960 ተፋቱ። ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም፤ ሳቁ አፋታቸው ማለቴም አይደለም፤ ምናልባት ያቆያቸው ሳቁ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሁለቱም ጋር ግንኙነት የለውም። ሌሊቱን ያሰብኩት ይህን ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ጀሪካኑ የለም። ጤና አዳሟ ከነቆርቆሮዋ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ቀርታለች፤ ከአጠገቧ ክብ የውሃ ምልክት አለ። አማቴን ብጠይቅ «እኔ በዚህ ጉልበቴ?» አሉ። ሚስቴን ብጠይቅ «የቱ ጀሪካን?» አለች። ጎረቤታችንም እንዳልነካች በእግዚአብሔር ስም ምላ፣ ጤና አዳሟን ግን ወደ ራሷ በር አስጠግታለች። እኔ ነኝ እንዳልል እኔ አይደለሁም፤ ይህንን እንኳ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግራችሁ።

ማታ ያለፈውን ክፍል ላጠፋው ወስኜ ከፈትኩት፤ ከማጥፋቴ በፊት ግን አንድ ጊዜ ልስማው አልኩ። ስለ ጤና አዳሟ የማወራበት ቦታ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ በር ወዲያ፣ አጭር የሴት ሳቅ ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። የቴሌቪዥን ሳቅ እንዳልል የዚያን ዕለት መብራት አልነበረም። ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች ሊሆን ይችላል። እኔን እየሰማችም ሊሆን ይችላል። ላሰማት ብዬ ስልኩን ይዤ ወጣሁ፤ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሰፌዱን ታንገዋልላለች፣ ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ፤ «ቻርጀር ፈልጌ ነው» አልኩና ተመልሼ ገባሁ። ክፍሉን እስካሁን አላጠፋሁትም። ይህኛውንም ልልቀቀው፣ ወይስ መጀመሪያ እሷን...